የአያ ሰይድ ፊት

ልጅ ሳለሁ ከፊደል በፊት የተማርሁት የሰው ፊት ማንበብ ነበር፤ ያስተማሩኝም የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ሰይድ ናቸው። መንደራችን ከሮቢት አስፋልት ወደ ዞብል ተራራ በኩል ግማሽ ሰዓት በእግር ገባ ብላ በማሽላ ማሳ መሀል የተቀመጠች ነበረች። ያኔ መብራት ገና ስላልደረሰን የቀኑ ሙቀት በረድ ሲል ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ አያ ሰይድም ለወባ ትንኝ ብለው ኩበት ያጨሱና፣ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ ፍሙ ከአመዱ ሥር ቀላ ደብዘዝ እያለ፣ እኛን የእህታቸውንና የጎረቤቶቻቸውን ልጆች ሰብስበው ተረት ይነግሩን ነበር።

የእሳቸው ተረት እንደ ሌላው ሰው ተረት አልነበረም። ሌላው ሽማግሌ ጅቡ ምን እንዳለና አህያዋ ምን እንደመለሰች ነግሮ ሲጨርስ ወደየቤታችሁ ይላል። አያ ሰይድ ግን ነገሩ ሊጠና ሲል ድንገት ዝም ይላሉ። ኩራዙን ከመሬት አንስተው ወደ ጉንጫቸው ያስጠጉና የተረቱን ሰው ፊት በራሳቸው ፊት ላይ ያመጡታል፤ ከዚያ ቃል ሳይተነፍሱ የእኛን መልስ ይጠብቃሉ። ግመል የጠፋበትን ሰው ተረት አልረሳውም። ሰውየው ሦስት ቀን ፈልጎ ሲደክመው ውሃ ሊለምን ጎረቤቱ ቤት ገባ፤ ጎረቤቱም «እንኳን ደህና መጣህ» ብሎ ሳቀለት። እዚህ ላይ ኩራዙ ተነሣ። የአያ ሰይድ ጥርስ ሁሉ ታየ፤ ጉንጫቸው ግን ከፍ አላለም፣ ዓይናቸውም ከሳቁ ጋር አልነበረም። ልጆቹ ሁሉ ደስ ብሎታል አሉ። እኔ ፈርቷል አልሁ፤ ግመሉን አርዶ የበላው እሱ ነው አልሁ። አያ ሰይድ ኩራዙን አስቀምጠው ራሴን ዳበሱኝ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ጨዋታ የሚቀድመኝ ጠፋ። የተቆጣ ሰው ቁጣው ከአፉ በፊት መንጋጋው ላይ እንደሚታይ፣ የቀና ሰው አመስግኖ ሲጨርስ ከንፈሩን ጠበቅ እንደሚያደርግ፣ ያዘነ ሰው ቅንድቡ በመሀል በኩል እንደሚነሣና ዓይኑ ፊት ለፊቱ ያለውን እንደማያይ፣ ያፈረ ሰው ደግሞ አንገቱን ደፍቶ መሬቱን አጥብቆ እንደሚያይ አወቅሁ። አንድ ፊት አንድ መልስ ነበረው፤ ቀድሞ የመለሰ ያሸንፋል። መንደርተኛው ሳይቀር «ዘሃራ እያየችሽ ነው፣ ተጠንቀቂ» እየተባባለ ይቀልድ ነበር፤ እኔም የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ጉራዬ ከቁመቴ በለጠ።

አያ ሰይድ ይህን ሁሉ ከየት እንዳወቁት የገባኝ ዘግይቼ ነው። እሳቸው የመንደሩ መርዶ ነጋሪ ነበሩ። በእኛ አገር ሰው በሩቅ ሲሞት ወሬው እንደደረሰ ለቤተሰቡ አይነገርም። ሽማግሌዎች ይይዙታል፤ የቅርብ ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ ሐዘንተኛዋን የሚደግፍ ሰው እስኪገኝ ይጠበቃል፤ ከዚያ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ አብረው ሄደው ያረዷታል። እስከዚያ ድረስ የሚያውቀው ሁሉ ከማታውቀዋ ሴት ጋር ሰላም ይባባላል፣ ስለ ዝናቡ ያወራል፣ ካስፈለገም ይቀልዳል። ይህን እንደ አያ ሰይድ የሚችልበት አልነበረም። ሐዘንን ከፊታቸው ላይ መደበቅ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት ሥራ ነበር።

ወንድሜ ሁሴን የሄደው በዚያው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። የአሥረኛ ክፍል ፈተና አላለፈለትም፣ የአባቴ ማሳ ለሁለት ጎጆ አይበቃም፣ ጓደኞቹ ደግሞ አንድ በአንድ በአፋር በኩል ወርደው፣ ባሕር ተሻግረው ሳውዲ እየገቡ ነበር። እናቴ እምቢ ብላ ከረመች። በመጨረሻ ያሳመኗት አያ ሰይድ ናቸው። ደላላውን ፈልገው ያገኙት እሳቸው፣ ዋጃ ወርደው አብረውት ምሳ የበሉት እሳቸው ነበሩ፤ ሲመለሱም «ፊቱን አይቼዋለሁ፣ የሚዋሽ ሰው ፊት አይደለም» አሏት። እናቴ ከራሷ ዓይን የወንድሟን ዓይን ታምን ነበርና ልጇን ለቀቀችው።

ሁሴን አንድ ጊዜ ከባሕሩ ጫፍ ደወለ። ደህና ነኝ፣ ሙቀቱ ብቻ ነው፣ ጀልባ እየጠበቅን ነው አለ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም አለ። ክረምቱ አለፈ፣ ማሽላው አፈራ፣ እናቴ ስልኳን በጡቷ ሥር ሸጉጣ ማደር ለመደች።

ከዚያ አንድ ሰሞን አያ ሰይድ ተረት አቆሙ። ጉሮሮዬን አሞኛል አሉን። በደጃችን ሲያልፉም ከአጥር ውጭ ሆነው ሰላምታ ይሰጣሉ እንጂ አይገቡም። እናቴ ይህን ልብ አለች። አባቴ ፍየል ይዞ ወደ አፋር ወርዶ ነበር፤ በዚያ በኩል ኔትወርክ የለም። ወንድሟን በቀጥታ እንዳትጠይቅ ደግሞ ሥርዓቱን ታውቀዋለች፤ ልጇ ቢኖርም ደህና ነው ይሏታል፣ ባይኖርም ደህና ነው ይሏታል። ስለዚህ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠራችኝና ሁለት ትከሻዬን ይዛ፣ «ዘሃራ፣ አያ ማሳ ላይ ናቸው። ሂጂና ፊታቸውን አይተሽ ነይ» አለችኝ። ምን እንደምፈልግ አልነገረችኝም፤ መንገርም አላስፈለጋትም።

ማሽላው ከእኔ ቁመት በላይ ነበር። አያ ሰይድን ወፍ ከሚጠብቁበት ማማ ሥር ወንጭፋቸውን አንጠልጥለው ቆመው አገኘኋቸው። ወፎቹ እዚያው አጠገባቸው እህሉን ይለቅማሉ፣ እሳቸው ግን አያባርሩም። ምን አመጣሽ አሉኝ። እማ ደህና ናቸው ወይ ብላ ነው አልሁ። «ደህና ነኝ በያት» አሉ፤ ድምፃቸው የዘወትር ድምፃቸው ነበር።

ቀና ብዬ አየኋቸው፤ እንዳስተማሩኝ ከግንባር ጀምሬ ወደ ታች። ቅንድባቸው በቦታው ነው። ዓይናቸው ደረቅ ነው። ከንፈራቸው አልተንቀጠቀጠም። ሐዘን ፈልጌ አጣሁ። ለምን እንደመጣሁ ገብቷቸዋል፤ ትንሽ ቆመው አዩኝ፤ ከዚያ ግን የእኔን ዓይን መቻል አቃታቸውና አንገታቸው ቀስ ብሎ ተደፋ፣ እግራቸው ሥር ያለውን አፈርም አጥብቀው አዩት።  መልሱን አግኝቼዋለሁ።

የማሽላው ቅጠል ክንዴን እየጫረኝ እስከ ቤት ድረስ ሮጥሁ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «እማ፣ አፍረዋል እንጂ አላዘኑም!» አልኋት። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ አልቅሳም ስቃም ስትጨርስ አቅፋ ሳመችኝ። ከዚያ ነገሩን ለብቻዋ አውጥታ አውርዳ ጨረሰችው፤ ያ ደላላ አያን አታልሏቸዋል፣ ልጄ በመንገድ ላይ ተይዞ ታስሯል፣ አያም ይህን ለእኔ መናገር አፍረዋል፣ የታሰረ ልጅ ደግሞ ወር ይቆይ ዓመት ይቆይ ይመለሳል አለች። ያኔ እኔም አመንኋት፤ እሷም እኔን ስላመነች ኮራሁ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት አሥራ አንድ ቀናት በቤታችን የደስታ ቀናት ነበሩ። እናቴ የሁሴንን ጋቢ አጥባ አሰጣች። የሚተኛበትን መደብ በአዲስ ጭቃ ለቀለቀች። ለወራት ሳትነካው የቆየችውን እንሶስላ አስወቅጣ እጇንና እግሯን ሞቀች፤ እንደ ሙሽራ ጥፍሯ ሁሉ ቀላ። ውሃ ስትቀዳ ለሴቶቹ ልጄ ታስሮ ነው እንጂ አለ፣ አልሐምዱሊላህ ትላቸው ነበር። ሴቶቹም እንስራቸውን ሳይሞሉ ይሄዱ ነበር፣ አንዷም ፊቷን በሻሽዋ ጫፍ ሸፈነች። እኔ ሁሉንም አይቻለሁ። ቅናት መሰለኝ። የእነሱ ልጆች ከሄዱ ወሬያቸው የለም፣ የእኛ ግን ተገኘ፣ ስለዚህ ነው ብዬ ለእናቴ ነገርኋት፤ እሷም አላህ ለሁሉም ያምጣላቸው አለች።

በአሥራ አንደኛው ቀን አባቴ ከአፋር ተመለሰ፤ ቤት ሳይደርስ ሽማግሌዎች መንገድ ላይ ጠብቀው ወሰዱት። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የእግር ድምፅ ሰምቼ ነቃሁ። ሽማግሌዎቹ በደጃችን በሰልፍ ቆመዋል፤ አባቴ በመሀል ነው፣ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ክንዱን ይዘውታል። የተናገሩት አያ ሰይድ ናቸው። «እህቴ፣ አላህ የሰጠሽን አላህ ወስዶታል። ሁሴን ከባሕሩ ማዶ በረሃ ላይ፣ በውሃ ጥም፣ ወደ አኼራ ሄዷል። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።» አብሮት የተጓዘ የዋጃ ልጅ ነበር የደወለላቸው፤ በወደቀበት ቦታ አሸዋ አልብሰው እንዳለፉ ነግሯቸዋል።

እናቴ መጀመሪያ የተመለከተችው እኔን ነው። ከዚያ ጮኸች። ደረቷን ስትደቃ፣ ፀጉሯን ስትነጭ፣ ሁሉም ሰው የሚያየው እጇን ነበር። ልጇ የሞተባት እናት በቀላ እጅ ስታለቅስ ያ መንደር አይቶ አያውቅም። ሴቶቹ በአመድ አሹት፣ በሎሚ አሹት፣ እንሶስላ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ለቅሶው በተቀመጠበት ጊዜ ሁሉ እጇን ሻሽዋ ሥር እንደደበቀች ነበር፤ ለማጽናናት የመጣ ሰው እጅ ሲዘረጋላት ክንዷን ትሰጠው ነበር። የጥፍሯ ቅላት እያደገ እስኪቆረጥ ወራት ፈጀ።

ስህተቴ ምን እንደነበረ ለማወቅ ብዙ ዓመት ወሰደብኝ። ፊታቸውን በትክክል አንብቤዋለሁ፤ አያ ሰይድ በእርግጥም አፍረው ነበር። የእህታቸውን ልጅ በእጃቸው ለደላላ የሰጡ፣ ፊት አውቃለሁ ብለው የውሸታምን ፊት ያመኑ ሰው ነበሩ። ሐዘኑን እንደለመዱት ደበቁት፤ ኀፍረቱን ግን መደበቅ አልለመዱም፣ ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ የሚያፍሩበት ነገር አድርገው አያውቁምና። እኔም በጨዋታው የለመድሁት ለአንድ ፊት አንድ መልስ ብቻ ስለነበር አንዱን አግኝቼ ሌላውን መፈለግ ተውሁ።

አሁን ቆቦ ላይ የሕፃናት መምህርት ነኝ። በክፍሌ ግድግዳ ላይ ክብ ክብ ፊቶች የተሳሉበት ወረቀት ተለጥፏል፤ በእያንዳንዱ ሥር አንዳንድ ቃል ተጽፏል፣ ደስታ፣ ሐዘን፣ ቁጣ፣ ፍርሃት። ልጆቹ በዱላዬ ስጠቁምላቸው በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ። እኔ ግን ትክክል ነው ብዬ አላልፍም፤ ሌላስ ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። ግራ ገብቷቸው ያዩኛል። አንድ ቀን ርእሰ መምህሩ ሰምተው፣ መጽሐፉ ላይ ያለው አንድ መልስ ነው፣ ልጆቹን አታደናግሪብኝ አሉኝ።

እናቴ ባለፈው ዓመት እኔ ጋ መጥታ ሰንብታ ነበር። አንድ ቀን ምስር እየለቀምን ሳለ፣ ምንም ሳይነሣ፣ «ያን ሰሞን ስቄ ነበር» አለች። «ልጄ አሸዋ ላይ ተጥሎ፣ እኔ እንሶስላ ሞቄ ስቄ ነበር።» እስከዚያ ቀን ድረስ ስለዚያ ነገር ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ሰፌዱን አስቀምጬ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ አልኋት። እሷም እጄን ያዘችና፣ «አንቺ ምን አጠፋሽ? ልጅ ልኬ የልጄን ሞት ያስጠየቅሁት እኔ ነኝ። አንቺ አውፍ በይኝ» አለችኝ። አውፍ አልኋት፣ ሁለታችንም አለቀስን።

አያ ሰይድን ግን አውፍ ያላቸው የለም። ከመርዶው በኋላ አንድም ቀን ተረት አልነገሩም፤ መርዶም ሌላ ሰው ይንገር አሉ። እናቴ ሰላም ትላቸው ነበር፣ ወንድሜ ብላ ግን አልጠራቻቸውም፤ በሦስተኛው ዓመት ታመው ሞቱ። ብዙ ጊዜ የሚታዩኝ ግን ታመው ተኝተው ሳይሆን ያን ቀን ማሽላው መሀል ቆመው ነው። ለማንም መናገር የማይችሉትን ነገር ተሸክመው ነበር፤ በመንደሩ ውስጥ ያን ነገር ከፊታቸው ላይ ያነበብሁት እኔ ብቻ ነኝ። አጠገባቸው መቆም እችል ነበር። እኔ ግን የሰውየውን ኀፍረት እንደ ምሥራች ይዤ፣ ደስ ብሎኝ፣ ሮጥሁ።