የማይዞረው ሾፌር

ኤዲያ! ሳምንቱን ሙሉ ሲኤምሲ ባለ የግል ትምህርት ቤት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ሰንብቼ፣ እሁድ ከሰዓት ደግሞ ቦሌ ሄጄ ፊልም ልተንትን? ግን ፊልሙን የሠራችው ታናሽ እህቴ ናት። አባታችን ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ አታነጋግረኝም። ናፍቃኛለች። «ጋሼ፣ ፊልሙ ሲያልቅ ስለሱ ተናገር» ብላ ስትደውል፣ መታረቃችን ነው ብዬ እሺ አልኩ።

መጀመሪያው ላይ ድካም ጥሎኝ አሸለብኩ። ስነቃ አንዲት ልጅ መኪና ውስጥ ከኋላ ተቀምጣለች፤ የሾፌሩ ጀርባ ብቻ ይታያል። ልጅቷ ትከሻውን ትነካዋለች፣ አንገቷን ታሰግጋለች፤ አይዞርም። ንግግር የለ፣ መንገዱም አያልቅ። በቃ፣ እንዲሁ አለቀ።

ተመልካቹ ግራ ሲገባው የለመድኩትን የግሪኮች ተረት አመጣሁ። ሚስቱ የሞተችበት ሙዚቀኛ ሙታን አገር ወርዶ ለመነ፤ «ውሰዳት፣ ግን ብርሃን ላይ ሳትደርሱ ዞረህ እንዳታያት» ተባለ። አላስችል ብሎት ዞረና አጣት። «ይሄ ሾፌር ግን ብልህ ነው» አልኩ። «የማይዞረው ስለሚወዳት ነው።» ተጨበጨበልኝ፤ ምን እደብቃለሁ፣ ደስ አለኝ።

እህቴ አላጨበጨበችም። «ጋሼ፣ መኪናው ከየት እንደተነሳ አላየህም?»

«እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።»

«ከላምበረት መናኸሪያ ነው።»

ክው አልኩ። አባታችን ሲሞት እሷ ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ፈተና ላይ ነበረች። ፈተናዋ እንዳይበላሽ፣ መርዶውም እንደ ደንቡ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ እንዲነገራት ተባለና፣ ሳትሰማ ቀበርነው። በአራተኛው ቀን ከላምበረት ተቀብዬ በመኪናዬ ወደ አያት ሰፈር፣ ወደ ቤታችን ወሰድኳት። አጠገቤ እንዳትቀመጥ ጋቢናውን በዕቃ ሞልቼዋለሁ። «አባባ እንዴት ነው?» ትለኛለች ከኋላ። «ትንሽ አሞታል» እላለሁ። ፊቴ እንዳያሳብቅብኝ አንዴም አልዞርኩም።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አሉ! የራሴን ጉድ ለግሪኮች ሰጥቼ አረፍኩት።

ሰው ሲወጣ እኔ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። መጥታ ከኋላዬ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«እውነት ያልዞርከው ስለምትወደኝ ነው?»

«ፈርቼ ነው» አልኩ።

«መርዶውን ያረዱኝ ሌሎች ናቸው። አንተ እስከ ዛሬ አልነገርከኝም» አለች። «አሁን ንገረኝ።»

ዞርኩ። ዓይን ዓይኗን እያየሁ፣ «አባባ ሞተብን» አልኳት።