ቄጠማውን ትተንላቸው ነበር

ወረታ በግብርና ሠራተኛነት ስመደብ ከአዲስ አበባ የሄድኩ፣ ሁሉን የማውቅ የሚመስለኝ ጎረምሳ ነበርኩ። «ሞዴል አርሶ አደር» የሚባለው ነገር የጦፈበት ጊዜ ነው። እኔም ሞዴል ካላፈራሁ ብዬ ጉድ ጉድ እላለሁ።

የፎገራ ገበሬ ክረምት ሜዳውን የሚያለብሰው ውኃ ሲሸሽ፣ እግር በእግር እየተከተለ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ይዘራል። በዚያ ዓመት ግን ዝናቡ ዘግይቶ ገባ፤ ከገባ በኋላም አልወጣ አለ። የማማክራቸው አንድ አዛውንት ሩዛቸው ተበላሽቶ፣ የቤተሰቡ ተስፋ ያ ሽምብራ ብቻ ሆነ። ማሳቸው ደግሞ ገና ውኃ እንደተኛበት ነው።

«ሞተር አምጥቼ ውኃውን ስቤ አስወጣዋለሁ» አልኳቸው።

በእጃቸው የማሳውን መሐል አሳዩኝ። ቄጠማው ውስጥ ሁለት ባለ ጉትዬ ረጃጅም ወፎች እንቁላል ታቅፈዋል። እነሱንም ዝናቡ አዘግይቷቸዋል።

«አባቴ ጫጩቶቹ ሳይወጡ እዚያ አይደርስም ነበር። እነሱን የማይነካ ከሆነ እሺ» አሉኝ።

«ኧረ አባባ፣ ምን ቆርጦኝ! ምንም አያገኛቸውም።»

በቄጠማው ዙሪያ ችካል ተከልኩ፤ ገመድ አሰርኩ፤ ማንም እንዳያጭደው አስነገርኩ። ለወረዳው ሪፖርት ስጽፍማ «ልማቱ ከዱር እንስሳት ጥበቃ ጋር ተጣጥሞ እየተካሄደ ነው» ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ሞተሩ ሦስት ቀን ሲያጓራ ከርሞ መሬቱ ብቅ አለ።

በአራተኛው ቀን ጧት ዘር ይዘን ሄድን። ችካሉ እንዳለ ነው፤ ገመዱም። ከቄጠማው አንዲት ዘለላ አልታጨደችም። ጎጆው ውስጥ ግን የቀረው ቅርፊት ብቻ ነበር። ጭቃው ላይ የውሻ ዱካ ከመንደሩ ቀጥ ብሎ ገብቶ፣ ቀጥ ብሎ ወጥቷል።

ክው አልኩ። ምን ዓይነት ደደብ ነኝ! ወፍ ውኃ መሐል ጎጆ የሚሠራው ቄጠማ አምሮት ነው እንዴ? ውሻ እንዳይሻገር ነዋ! ቄጠማውን በገመድ አጥሬ፣ እውነተኛውን አጥር በሞተር ስቤ አውጥቼዋለሁ። ወፎቹ አልሄዱም። አንደኛዋ ጎንበስ ብላ ቅርፊቱን በመንቁሯ ታገላብጣለች።

«ውኃው ከሄደ ውሻ እንደሚገባ እርስዎ አያውቁም ነበር? ምነው ዝም አሉኝ?» ብዬ፣ ማፈሪያ፣ ወደ ሽማግሌው ዞርኩ።

ቢቆጡኝ በወደድኩ። የዘር ቁናቸውን መሬት አስቀመጡ።

«ፈርቼስ ነበር፣ ልጄ። አንተ የተማርህ ነህ፤ ምንም አያገኛቸውም ስትለኝ አንድ መላ አለው ብዬ ነው።»

ምንም መላ አልነበረኝም። እርጥበቱ ደግሞ አይጠብቅም፤ ካልተዘራ ቤተሰቡ የሚበላው የለም። ቁናቸውን አነሱና ወፎቹ እዚያው ቆመው እያዩ ሽምብራውን መዝራት ጀመሩ።