ኮባ የለበሰው ካሜራ

እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ የፓምፑ መጥፋት አይደለም። የሚያናድደኝ አራት የካሜራ መከለያ ለመምረጥ ስድስት ሰዎች ተሰብስበን፣ አንዳችንም አንድ ጣሳ ውሃ ሳናፈስባቸው መፈረማችን ነው። ከስድስቱ አንዱ እኔ ነበርኩ።

ያኔ ወልቂጤ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ዜና ጸሐፊ ነበርኩ። መሥሪያ ቤቱ ቡታጅራ ላይ የእርሻ ዕቃ የሚያከማችበት መጋዘን ነበረው። ለመጋዘኑ ግቢ የደህንነት ካሜራ እንዲገዛ ሲወሰን ስሜ ኮሚቴው ውስጥ ገባ። ምክንያቱን የግዥ ኃላፊው ከልቡ ነው የነገረኝ፦ “አንተ ካሜራ ታውቃለህ። ሁልጊዜ አንገትህ ላይ ነው።”

ካሜራዎቹ ቀድመው ተመርጠዋል። የቀረው ከዝናብና ከአቧራ የሚከልላቸው ዕቃ ነበር። ነጋዴው ሁለት ናሙና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አንዱ እንደ ግማሽ ኳስ ያበጠ፣ የሚያብረቀርቅ ነው። ሌላው ግራጫ የብረት ሳጥን ሲሆን ከፊቱ እንደ ቆብ ጥላ የወጣ ጠርዝ፣ በክዳኑ ዙሪያ ጥቁር ጎማ፣ ገመዱ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ደግሞ አንቆ የሚይዝ ብሎን አለው።

“ይሄማ ቆጣሪ ነው!” አለ ኃላፊው ሳጥኑን በጣቱ ገፋ አድርጎ። “እንግዳ ሲመጣ ምን ይለናል? ቆጣሪ አንባቢ ነን እንዴ?”

ሰው ሳቀ። እኔ የሚያብረቀርቀውን አንስቼ ገለበጥኩት፤ ጎማ የሚባል ነገር የለውም። “ይሄ ውሃ አያስገባም?” አልኩ።

“ከቻይና ድረስ ባሕር አቋርጦ ሲመጣ ያልራሰውን የቡታጅራ ዝናብ ያርሰዋል?” አለ ኃላፊው።

እንደገና ተሳቀ። መልሱን እንደ ልማዴ ከነቀኑ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። ከዚያም ለሚያብረቀርቀው ፈረምኩ። ጥያቄ ስለጠየቅሁ ብቻ ሥራዬን የጨረስኩ መስሎኝ ነበር።

ርክክቡ ጥር ላይ ሆነ። ጥር ላይ ቡታጅራ ውስጥ ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ብትለጥፍ እንኳ አይረጥብም። ስክሪኑ ላይ የበሩ ዝገት ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ታየ። ተጨበጨበ። ዜናውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናብ በሚወርድበት ከሰዓት በኋላ፣ ከመጋዘኑ በረንዳ አንድ የውሃ ፓምፕ ጠፋ። በረንዳውን የሚያየው ካሜራ ቀረጻ ተከፍቶ ሲታይ ያለው ቅጠል ብቻ ነው። ኮባ። ካሜራው ላይ ያሰሩት የግቢው የቀን ጥበቃ ነበሩ፤ እሳቸውም አልካዱም። በማግስቱ ከሥራ ታገዱ። ደብዳቤው “ሆን ብሎ ካሜራ በመጋረድ ለሌባ መንገድ መክፈት” ይላል። በትንሽ ከተማ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚያግደው ሥራን ብቻ አይደለም። ሰውየው መስጊድ ሲገቡ አጠገባቸው የሚቆመው ሰው ሁሉ ደብዳቤውን ሰምቶታል።

ጉዳያቸው የሚታይበት ግምገማ ሁለት ቀን ሲቀረው በሚኒባስ ቡታጅራ ሄድኩ። ጥበቃው ቤታቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሰላምታችንን ጨርሰን እንደተቀመጥን በቀጥታ ጠየቅኋቸው።

“ጋሼ፣ ለምን ሸፈኑት?”

“ዝናብ ሲመጣ አንተ ዕቃ በምን ትሸፍናለህ?” አሉኝ፣ እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ከየት መጣ በሚል ዓይን እያዩኝ። “ቅቤውም በኮባ፣ ቆጮውም በኮባ፣ የራሴም አናት በኮባ ነው። ያ ነገር በሰኔ ሆዱ ውሃ ቋጠረ። ወላሂ፣ ዓሣ ያረባል! ለቅርንጫፍ ኃላፊው ሁለት ጊዜ ነገርኩት። ‘የመንግሥት ንብረት አትንካ’ አለኝ። እሺ፣ አልነካሁም። ፀሐይ ሲያደርቀው ጠብቄ ከላይ አለበስኩት። ሌሎቹማ አልደረቁም።”

“በመጨረሻ ግን ፊቱን ጋረደው።”

“ነፋስ ገለበጠው። እኔ የኋላውን አጥር እየዞርኩ ነበር። ስመለስ አየሁት፤ መሰላሉን ግን መጋዘን ውስጥ ቆልፈውበት ሄደዋል። በምን ልውጣ? በጸሎት?”

ከእሳቸው ወጥቼ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ቀረጻውን የሚቆጣጠረውን ሠራተኛ የሌሎቹን ሦስት ካሜራዎች የዚያን ሰዓት ምስል እንዲከፍትልኝ ጠየቅሁት።

“እነሱን ማንም አልጠየቀኝም” አለ።

ሦስቱም ነጭ ናቸው፤ ወተት ውስጥ የተነከሩ ይመስላሉ። የሐምሌን አስከፈትኩ፤ ያውም ነጭ። ሐምሌን በሙሉ የሰው ፊት እየለየ የቀረጸው አንድ ካሜራ ብቻ ነው፤ እሱም ኮባ የለበሰው። ቀንና ሰዓቱን እየለየሁ መዘገብኩ። መሰላል አስመጥቼ ወጣሁና ከሦስቱ አንዱን በጣቴ መታ አደረግሁት። ውስጡ ያለው ውሃ ወዲያና ወዲህ አለ።

በግምገማው ቀን መድረኩን የያዘው የግዥ ኃላፊው ነበር። “ይሄ የአመለካከት ችግር ነው” ብሎ ጀመረ። “ዘመናዊ ቴክኖሎጂ በቅጠል! አንተ ሰውዬ፣ ካሜራው ጎመን ነው?”

አንዳንዶች ሳቁ። አባቱ ሊሆኑ የሚችሉት ጥበቃው መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ስናደድ ድምፄ ይቀንሳል፤ ስለዚህ እንዲሰሙኝ ዝም እስኪሉ ጠበቅሁ። ከዚያ የሦስቱን ካሜራዎች መዝገብ አነበብኩ። ቀጥዬ የመረጥንበትን ቀን ማስታወሻ፣ ባሕሩንም ቆጣሪውንም፣ ቃል በቃል አነበብኩ። በዚህኛው የሳቀ የለም።

“አንተም እኮ ፈርመሃል” አለኝ ኃላፊው።

“ፈርሜያለሁ። ‘ሳያጣሩ ፈረሙ’ ተብሎ ሲጻፍ የኔም ስም ይግባ።”

ከብዙ ሹክሹክታ በኋላ ውሳኔው ተነበበ፦ ጥበቃው በማስጠንቀቂያ ታልፈዋል። እሳቸው እጃቸውን አወጡ።

“ማስጠንቀቂያው ስለ ምን ነው? ስለ ኮባው ከሆነ፣ ከገዛ ጓሮዬ ነው የቆረጥኩት።”

ቃለ ጉባኤው ለፊርማ እየዞረ ሲደርሰኝ እስክሪብቶዬን ኪሴ ከተትኩ። ለመኑኝ፣ “ነገር አታክብድ” አሉኝ፣ ምሳ ሰዓት አለፈ። በዘጠኝ ሰዓት ዓረፍተ ነገሩ ተሰርዞ በምትኩ “ጥፋት አልተገኘባቸውም” ተጻፈ። ያኔ ፈረምኩ። ይቅርታ የጠየቃቸው ግን የለም። ፓምፑን ማን እንደወሰደው እስካሁን አልታወቀም፤ ሦስቱ ጉም አይተዋል፣ አንዱ ቅጠል።

መስከረም ላይ ሌላ መከለያ ሊመረጥ ሆነ። ናሙናው ግቢው ውስጥ፣ ጥበቃው ባሉበት ይታይ አልኩ፤ ያ ቀን ካለፈ ወዲህ የሚከራከረኝ አልነበረም። ነጋዴው ያንኑ ግራጫ ሳጥን አመጣ። ጥበቃው ተቀብለው ጎማውን በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን ዳሰሱ፣ ገመድ መግቢያውን አዩ፣ ክዳኑን አጥብቀው ዘጉ። ከዚያ የውዱእ ማንቆርቆሪያቸውን አምጥተው ያለውን ውሃ በሙሉ ቀስ እያሉ አፈሰሱበት። ስድስታችንም ቆመን አየን።

ሲከፍቱት ውስጡን በጣቴ ጠረግሁ። ደረቅ ነው።

“አሁንም ቆጣሪ ነው የሚመስለው” አለ ኃላፊው።

“ይምሰል” አሉ ጥበቃው፣ ማንቆርቆሪያቸውን እያነሱ። “አሁን ፈርሙ።”