ከደጀን ያመጣኋቸው ቀያይ ዶሮዎች

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤቴ በሬን አንኳኳች። እዚሁ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ወጣት ናት። «የግብርና ሰው ነበሩ ሲሉ ሰማሁ፤ ሮድ አይላንድ ዶሮ ልገዛ ነው። ቁመናቸው የተስተካከለ እንዲሆን አብረውኝ ሄደው ቢመርጡልኝ?» አለችኝ። ባጃጅ ደጅ አቁማለች። ጉልበቴን አሞኛል ብዬ ዋሸኋት። አዝና ሄደች።

ጉልበቴ ደህና ነው። ዶሮ መምረጥም አልጠፋኝም። ደረቷን መዳበስ፣ የእግሯን ቅርፊት ማየት፣ ዓይኗን ከብርሃን አዙሮ መመርመር፣ ይህን ሁሉ እጄ እስከ ዛሬ ያውቀዋል። ሆኖም ከሃያ ዓመት በላይ ዶሮ ገዝቼ አላውቅም። በዓል ሲመጣ ሥጋ አስመጣለሁ፤ ልጆቼም ለምን እንደሆነ መጠየቅ ትተዋል።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከግብርና ኮሌጅ እንደወጣሁ ከይጁቤ ትንሽ ወጣ ባለች ቀበሌ የልማት ሠራተኛ ሆኜ ተመደብኩ። የደረስኩት በክረምት ነው። ጭጋጉ እስከ ረፋድ አይገለጥም፤ ጭቃው ቦቲ ጫማ ከእግር ነጥቆ ያስቀራል። ማደሪያ ሳጣ እማማ አንጓች የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ከግቢያቸው አንዲት ክፍል ለቀቁልኝ። ኪራይ ልክፈል ብላቸው «ልጅ ከእናቷ ቤት ኪራይ ትከፍላለች?» ብለው ገሠጹኝ። ማታ ማታ በአንድ ትሪ እንበላ ነበር። የባቄላ ስልጆ የሚጥመኝ መሆኑን ካወቁ ወዲህ በጾም ቀን አጥቼው አላውቅም።

እማማ አንጓች መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው፣ የእኔ የሚሉት አምስት የሐበሻ ዶሮ ብቻ ነበራቸው። ጨው፣ ላምባ፣ ለሰንበቴ የሚያዋጡትም ሳይቀር ከእንቁላሉ ነበር። ከሁሉም ገብስማዋን ይወዷታል። ጥሩ አቃፊ ስለሆነች ጎረቤቶቹ እንቁላል እያመጡ ያስታቅፏት ነበር፤ ጫጩት ሲፈለፈል ለእማማ አንጓችም ድርሻ ይተዉላቸዋል።

እኔ ግን ኮሌጅ የተማርኩት ሌላ ነው።

«እማማ፣ ሮድ አይላንድ የምትባል ቀይ ዶሮ አለች» አልኳቸው አንድ ቀን። «በሙሉ ቁመና ያደገች ቄብ ካገኘን ዓመቱን ሙሉ ትጥላለች።»

«ታቅፋለች?»

«አታቅፍም። ብዙ የምትጥለውም ለዚህ ነው።»

«ታዲያ ምን ዓይነት እናት ናት?» ብለው ሳቁ። ሲስቁ አፋቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ። እኔም እልህ ያዘኝ፤ በመጀመሪያ ሥራዬ ለሰው ሁሉ የማሳየው ነገር ፈለግኩ። አሥራ ሁለት ቄብ እዚያ ግቢ አቁሜ ቀበሌውን በሙሉ ልጋብዝ አሰብኩ።

ፍለጋው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ወሰደኝ። ማርቆስ ወዳለው ዶሮ ማራቢያ ብሄድ ተራ የያዘው ሰው ብዙ ነው ተባልኩ። ገበያ ላይ ቀይ ዶሮ አይጠፋም፤ ክልስ ነው። ሚዛኔን ይዤ በየሳምንቱ እዞር ነበር። የዕድሜዋን ያህል ያልመዘነችውን አልወስድም ስል ዶሮ ሻጮቹ «ሚዛኗ መጣች» እያሉ ይሳለቁብኝ ጀመር። በመጨረሻ ከዓባይ ማዶ በጭነት መኪና ዶሮ የሚያመጣ ነጋዴ ደጀን ላይ እንደሚራገፍ ሰማሁ።

ከመሄዴ በፊት ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ለጋሽ ሞላ ነገርኳቸው። ጠጉራቸው የሸበተ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ።

«ታገሺ፤ ከማራቢያው ተራሽ ይደርሳል» አሉኝ። «ካልሆነልሽም ሁለት ሳምንት ለብቻ አቆዪአቸው። የዶሮ ፈንግል አንዴ ከገባ አገር ይጨርሳል።»

«እሺ ጋሽ ሞላ» አልኩ። የእማማ አንጓችን አሮጌ ማድቤት ለዚህ አዘጋጀሁ።

ደጀን የደረስኩት የሁዳዴ ጾም ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። አስፋልቱ ዳር መኪኖች ተደርድረዋል፤ የናፍጣው ሽታ ከዓባይ ገደል ከሚነሳው ሙቀት ጋር ይጋፋል። ነጋዴው ከመኪናው ላይ ቆሞ የእንጨት ሣጥኖች ያወርዳል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቄቦች መዘንኳቸው። ስመኛቸው የነበሩት ናቸው፤ ደረታቸው የሞላ፣ ላባቸው እንደ ሸክላ የቀላ።

«ተከትበዋል?»

«ሁሉም ተከትቧል፣ እህቴ። ወረቀቱ ከባልደረባዬ ጋር ነው። ትወስጃለሽ ወይስ ልጫን? መኪናው ሊሄድ ነው።»

የቀሩትን ዘጠኙን ሳልመዝን ተቀበልኩ። ከሣጥኑ ጥግ ያለችው አንዷ ክንፏን ጥላ፣ ዓይኗን ጨፍና ነበር። አይቻታለሁ። ይህን የምጽፈው አላየሁም ብዬ ለብዙ ዓመት ራሴን ስላታለልኩ ነው። የበረሃው ሙቀት ያደከማት መስሎኝ ሳይሆን፣ እንዲመስለኝ ፈልጌ አለፍኳት።

በማግሥቱ ይጁቤ ወርጄ፣ ሣጥኑን በአህያ ጭኜ መንደር ስደርስ ያልተጠበቀ ዝናብ ወረደ። አሮጌው ማድቤት ከዳር እስከ ዳር ያፈሳል። እማማ አንጓች ነጠላቸውን ተከናንበው ደጅ ወጡ።

«ሞላ ለብቻ ይቆዩ ብሏል አላልሽኝም?»

«ተከትበዋል እማማ፤ ምንም አይሆኑም» አልኩና ከገብስማዋ ጋር እዚያው ቆጥ ላይ አሳደርኳቸው። በማግሥቱም አላወጣኋቸውም። ጎረቤቶቹ ሊያዩ ሲመጡ፣ እየዳበሱ ሲያደንቁ፣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ክንፏን የጣለችው በሦስተኛው ቀን ሞተች። ከዚያ አረንጓዴ ኩስ መጣ፤ ከዚያ አንገት መጠምዘዝ። ቀያዮቹ አንድ በአንድ ወደ ኋላ እየዞሩ ሲወድቁ ቆሜ ከማየት በቀር የማደርገው አልነበረኝም። ገብስማዋ እንቁላሎቿ ላይ እንደተኛች ሞታ ተገኘች፤ የቀሩት አራቱም ተከተሏት። ጋሽ ሞላ በበቅሎ መጡ፤ «ለታመመው ክትባት አይሆነውም፤ ቅበሩ» አሉ። ጉድጓዱንም አብረውኝ ቆፈሩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በሳምንት ውስጥ በሽታው አጥር ዘሎ ከግቢ ወደ ግቢ ሄደ። ጠዋት የሚጮህ አውራ ዶሮ ጠፋ። ሰዉ ለቅዳሴ የሚነሳበት ሰዓት እንኳ ተዛባበት።

በሆሳዕና ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሴቶቹ ከእማማ አንጓች ደጅ ተሰበሰቡ። ከፊት የነበሩት ጎረቤታችን እትዬ የሻረግ ናቸው። የሞተ አውራ ዶሮ በእግሩ አንጠልጥለዋል።

«ለፋሲካ ያሳደግኩት ነው» አሉ። «ልጆቼ በጾም ሙሉ እያዩት የጓጉለት። አንቺ ልጅ፣ ይህን ይዘሽብን መጣሽ አይደል?»

አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። እማማ አንጓች ቀደሙኝ።

«እሷን ተዉአት። ለብቻ አቆዩአቸው ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ ነገሩን ንቄ ከዶሮዎቼ የቀላቀልኳቸው።»

እትዬ የሻረግ ዶሮውን መሬት ላይ ጣሉትና «አንቺ ነሽ አንጓች? አንቺ?» አሉ። እማማ አንጓች መሬት መሬት እያዩ ቆሙ። እኔም ከጎናቸው ቆሜ፣ እውነቱ አፌ ውስጥ እያለ፣ ዝም አልኩ።

ሰዉ ሲበተን «እማማ፣ ለምን?» አልኳቸው እያለቀስኩ።

«አንቺ ገና ሥራ መጀመርሽ ነው። እኔን ማን ያባርረኛል?» አሉና ሽሮ ሊጥዱ ገቡ።

ፋሲካን ሁለታችን ብቻ በሽሮ ፈሰክን። የጠራን ሰው የለም፤ የመጣም የለም። የሰንበቴ ጽዋ ሲዞር እማማ አንጓች ከጫፍ ይቀመጡ ጀመር። ነገ እናገራለሁ እያልኩ ሰኔ ገባ። ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወርኩ። ስሰናበታቸው በጨርቅ የቋጠሩትን ቆሎ አስያዙኝ፤ ያንን ነገር አላነሱትም። እኔም አላነሳሁም። ከማርቆስ ይጁቤ በሚኒባስ ሩቅ አይደለም፤ ግን አልሄድኩም።

አምና ማረፋቸውን ሰማሁና ለተዝካራቸው ሄድኩ። መንገዱ ተሻሽሏል፤ ግቢያቸው አጥሩ ወድቋል። እትዬ የሻረግ አርጅተው በከዘራ ይሄዳሉ። ዳስ ጥግ አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዝናቡን፣ ቆጡን፣ ደጀን ላይ ያየሁትን ዶሮ ሳይቀር። በከዘራቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ።

«ዶሮው ምን አለበት፤ በዓመቱ ተተካ» አሉ። «እኛ ግን ከዚያ ወዲያ እንቁላል አስታቅፊልን ብለን አልሰጠናትም። ጫጩትም የሰጣት የለም። እሷም አልጠየቀች። ዶሮ ሳታረባ ሞተች።»

«ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«ያኔ ብትነግሪን አንቺን እንቆጣሽ ነበር። አንቺ ወትሮም ሂያጅ ነሽ፤ እሷ ግን እዚሁ ነበረች» አሉና ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ።

ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ፤ የታዘዝኩትንም ስግደት ጨርሻለሁ። ሰው ከሞተ ይቅርታ መጠየቅ ይቀራል ብዬ እጨነቅ ነበር። እማማ አንጓች ግን ይቅርታውን ሳልጠይቃቸው፣ ያን ዕለት ደጅ ላይ ቆመው ሰጥተውኛል። ያልመለስኩላቸው ስማቸውን ነው። በሆሳዕና ደጃቸው ከቆሙት ሴቶች አብዛኞቹ ሞተዋል፤ ሲሞቱም በልባቸው ጥፋተኛዋ አንጓች ነበረች። ያን ከልባቸው የማወጣበት መንገድ የለኝም።