እድር ላይ የዘረገፍኩት ገመና

ይህ የሆነው ካቻምና ነው። ልጄ ምሕረት የአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዜሽኗን ከጨረሰች ገና ወር አልሞላትም ነበር። እድር በተሰበሰበ ቁጥር ያ ቀን ይመጣብኛል፤ ለዚህ ነው የምጽፈው። አስቀድሜ ግን ልናገር፦ እኔ ምቀኛ ነኝ። ሰው ከጀርባዬ የሚለውን እኔው ከፊት ብዬው ይውጣልኝ።

ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ጎሚስታ ነኝ። ጎማ እፈታለሁ፣ ካላማዳሪ እለጥፋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ያስጀመረችኝም ምሕረት ናት፤ ያኔ አራተኛ ክፍል ነበረች። ከዚያ በፊት የትምህርት ቤት ካርዷን የማስነብበው ለጎረቤቴ ለጴጥሮስ ነበር። "አንደኛ ወጥታለች" ብሎ ያነብልኝና ካርዱን ሳይመልስልኝ "የኔው ናትናኤልም ሁለተኛ ነው፤ እሱ ወንድ ስለሆነ ጨዋታ ያበዛል እንጂ" ይለኛል። የማታ ትምህርት የገባሁት በንዴት ነው።

ከጴጥሮስ ጋር አጥር እንጋራለን። ልጆቻችን አብረው ሕክምና ገቡ፣ አብረው ዶክተር ተባሉ። ናትናኤል ወዲያው የአጥንት ስፔሻሊቲውን ቀጠለ። ምሕረት ግን መጀመሪያ አንድ የገጠር ሆስፒታል ተመደበች፤ ኋላም ያው ሆስፒታል ስፖንሰር ሆኖ አስተማራት። ስለዚህ ናትናኤል ቀድሟት ጨረሰ። ቀን የመንግሥት ሆስፒታል፣ ማታ የግል ክሊኒክ እየሠራ በዓመቱ መኪና ገዛ። የጴጥሮስ የቆርቆሮ በር ወርዶ ባለ አበባ የብረት በር ተተከለ። እኔ በዚያ በር ፊት ጎማ እየገፋሁ አልፋለሁ።

ምሕረት "ሳይካትሪ ነው የምማረው" ያለች ጊዜ ጴጥሮስ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ ምን አለኝ መሰላችሁ? "ላሚሶ፣ ደግ አደረገች። የመጀመሪያው በሽተኛዋ ከቤት አይርቃትም።" ሚስቴ ሳትቀር ሳቀችብኝ።

እሷ ስትመረቅ አብረዋት የጨረሱ አራት ዶክተሮች ቤታችን መጡ። አሳ ለብለብ አቀረብን፤ አቮካዶው ሥር ተቀምጠው ወሬያቸው ሁሉ ወዴት እንደሚሄዱ ሆነ። አንዱን አዲስ አበባ ያለ የግል ክሊኒክ ቀጥሮታል። አንዷን ዩኒቨርሲቲው መምህር አድርጎ አስቀርቷታል። ሌላኛዋ ስደተኞች ጋ የሚሠራ ድርጅት ገብታለች። አራተኛው የሕፃናት አእምሮ ሕክምና ልቀጥል ነው፣ ውጭ አገርም እየሞከርኩ ነው አለ። እኔ አሳ እያነሳሁ በእያንዳንዱ አባት ቀናሁ። የማላውቃቸው አባቶች ናቸው እኮ!

"አንቺስ ምሕረት?" አላት ያ የአዲስ አበባው።

"እኔማ ወደ ላከኝ ሆስፒታል ነው።"

"አሁን እሱ ሆስፒታል መብራት አለው?"

"አለው እንጂ፤ ከሰኞ እስከ ረቡዕ።"

ሁሉም ተንከተከቱ። እኔ አልሳቅኩም። ሲሄዱ ጠብቄ ያዝኳት። "የፈረምሽው ግዴታ ስላለብሽ ነው አይደል?" አልኳት።

"ግዴታም አለብኝ አባዬ። ባይኖርብኝም እሄዳለሁ። እዚያ ያለው አንድ የአእምሮ ነርስ ነው፤ እሱ ሲታመም ክፍሉ ይዘጋል።"

ይህቺ "ባይኖርብኝም" ያለቻት ናት ያንገበገበችኝ። እንደ ሰው ልጅ አጠገቤ ሆና ስሟ እንዲጠራልኝ ነበር የፈለግሁት። ወረቀት ለመጨራረስ አዲስ አበባ ስትሄድ ጠብቄ እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ ወረድኩና ታፔላ አሠራሁ። ጽሑፉን ራሴ ጽፌ ሰጠሁ፦ "ዶክተር ምሕረት ላሚሶ፣ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት"። አምጥቼ የግቢያችን በር ላይ፣ መንገዱን ፊት ለፊት አንጠለጠልኩት። ክሊኒኩ የት አለ? ፈቃዱስ? አላሰብኩትም። ታፔላው ከተሰቀለ የምትቀር መስሎኝ ነበር።

ጴጥሮስ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበና "ወንድሜ፣ ከፊት ለፊት ባጃጅ ተራ አለ። ያ ሁሉ ሰው እያየው በዚህ በር የሚገባ እብድ አይባልም?" አለኝ።

ተሳደብኩ እንጂ እውነቱን ነበር። በሽተኛ ይቅርና ቅቤ የምታመጣልን ሴት እንኳ ከሩቅ ቆማ ሚስቴን በስልክ ጠራቻት። ምሕረት በአራተኛው ቀን ተመለሰች። አልጮኸችም። ቀና ብላ አየችውና "አባዬ፣ መሰላል አለን?" አለች። ራሷ ወጥታ አወረደችው። "በዚህ ነገር የሥራ ፈቃዴን ሊነጥቁኝ ይችላሉ እኮ" ብቻ ነው ያለችኝ።

በማግስቱ ቅዳሜ ቀትር ላይ ጴጥሮስ በአጥሩ ሽንቁር ሾልኮ ግቢያችን ገባ። ያ ሁሉ የብረት በር እያለው በሽንቁር! ፊቱ ጠቁሯል። "ምሕረት አለች?" አለኝ። አለች አልኩት። ያኔ እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ።

ናትናኤል ሥራ ካቆመ ወር ሊሆነው ነው። መጋረጃ ዘግቶ ተኝቷል። አይበላም፣ አይታጠብም፣ "እኔ ለምንም አልጠቅምም" ይላል። ፓስተሩ መጥቶ ጸልዮለታል፤ እሱም ሐኪም ይየው ብሏል። ልጁ ግን ሐዋሳ ውስጥ የትም አልታከምም አለ፤ ሐኪሙም ነርሱም ካርድ አውጪውም ስለሚያውቁት። ለጎረቤት "ዕረፍት ወጥቶ ነው" ነው ያሉት።

አሁን እውነቱን ልጻፈው። ሰውዬው ፊቴ ቆሞ ሲያለቅስ የእኔ ሆድ ደስ አለው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ምሕረት ነጠላ ጫማዋን አድርጋ በሽንቁሩ ተከትላው ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ትሄዳለች፤ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ትቀመጣለች። "ምን ታወራላችሁ?" ብላት አትነግረኝም። "ይሄ የእሱ ነው አባዬ። ከዚህ ግቢ እንዳይወጣ፤ ከወጣ ዳግመኛ አያምነኝም" ትለኛለች። ከጴጥሮስ ልጅ ጋር ያን ያህል ስትቀመጥ፣ ከእኔ ጋር ግን ምሳ እንኳ ቆማ ነው የምትበላው። በበሽተኛም ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

በሁለተኛው ሳምንት እሑድ ጠዋት ከዚያ ቤት እየሳቀች መጣች። "ነገ አብሮኝ ሆስፒታል ሊሄድ ነው። መምህሬ በጓሮ በር አስገብቶ ሊያየው ነው። እሺ አለኝ!" አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ የወሩ እድር ነበረን። ሰብሳቢው ጴጥሮስ ነው። መዝገቡን ይዞ ፊት ተቀምጧል። ታደሰ የሚባል ባለ ባጃጅ አለ፤ ነገረኛ ነው። ገና ስቀመጥ ጀመረኝ።

"ጋሽ ላሚሶ፣ ታፔላው ወረደ ልጅቷ ግን አጥር ላይ ወጣች አሉ።"

ሳቅ ሆነ።

"ምን ታድርግ?" አለ ሌላው። "በሽተኛ ቢጠፋ ባል ይፈለጋል። ዶክተር ናትናኤል እንደሆነ ባለ መኪና ነው።"

"ታዲያ በበር ትግባ! በሽንቁር መሹለክ የዶክተር ነው?"

ጴጥሮስን አየሁት። አንድ ቃል ይበል ብዬ ጠበቅሁት። "ልጅቷን ተዉአት" ቢል በቂዬ ነበር። እሱ መዝገቡን አንድ ገጽ ገለጠ። ልጄ ልጁን ልታድን የምትመላለስ፣ እሱ ገጽ ይገልጣል!

ተነሳሁ። "ልጄ ባል ፍለጋ አይደለም የምትሄደው! ያ የምትኮሩበት ዶክተር አእምሮውን ታሞ መጋረጃ ዘግቶ ተኝቷል! እሱን ልታክም ነው የምትሄደው፤ አባቱን ጠይቁት!"

ስናገረው ምላሴ ላይ ጣፈጠኝ። አልዋሽም፣ እንደ ማር ነበር። ግን እስክቀመጥ እንኳ አልቆየም። ማንም አልሳቀም። ታደሰ ራሱ አንገቱን ደፋ። ጴጥሮስ መዝገቡን ዘግቶ ወንበሩ ላይ አስቀመጠና ማንንም ሳያይ ወጣ። እማማ አስቴር፣ ከእኛ ማዶ ያሉት፣ ዘወር ብለው አዩኝና "ላሚሶ፣ ያንተስ ቤት ሰው አይታመምም?" አሉኝ።

እንዲህ ያለ ወሬ ሐዋሳ ውስጥ ሰዓት አይፈጅም። ሳይመሽ ናትናኤል ጆሮ ደረሰ፤ አብሮት የሚሠራ አንዱ "አይዞህ" ብሎ ደውሎለት ነው አሉ። በሩን ከውስጥ ቆለፈ። ሰኞ ጠዋት ምሕረት ስትሄድ አልከፈተላትም። የጴጥሮስ ሚስት ስታለቅስ በአጥሩ በኩል ይሰማኛል።

ምሕረት ተመልሳ ሱቄ ድረስ መጣች። ጎማ እየፈታሁ ነበር። "አባዬ፣ አንተ ነህ የተናገርከው?"

"ሰደቡሽ እኮ! ምን ልበል?"

"እኔ በስድብ አልሞትም" አለችኝ። "እሱ ግን ምን እንደሚያደርግ አላውቅም።" ከዚያ ቁጭ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ "አልተቆጣሁህም። ምን ተሰምቶህ እንደሆነ ይገባኛል" አለች። ያ ድምፅ ለበሽተኛ የምትናገርበት ነው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

አራት ቀን ሙሉ ናትናኤል በቆለፈው በር ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጠች። በተዘጋ በር ታወራለች። ጴጥሮስ ሌሊቱን እዚያው ወለሉ ላይ ነው የሚያድረው። እኔ የምሠራው ሥራ አይገባኝም፤ የአንድ ባጃጅ ጎማ ሳላጠብቅ ለቅቄ ባለቤቱ ሊደበድበኝ ነበር። የሰው ልጅ ቢሞት ገዳዩ እኔ ነኝ እያልኩ ነው የምውለው። በአምስተኛው ቀን ቁልፉ ተከፈተ። ልጁ ያላት አንድ ነገር ነው፦ "ሐዋሳ አልታከምም። አንቺ በምትሄጂበት፣ ማንም በማያውቀኝ ቦታ ከሆነ እሺ።"

ስለዚህ ምሕረት ስትሄድ እሱና እናቱ አብረዋት ሄዱ። ግማሽ ቀን የሚያስኬድ መንገድ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ልጄን ሐዋሳ ላስቀር ታፔላ ያሠራሁ ሰውዬ፣ በገዛ አፌ የጎረቤቴንም ልጅ አስከትዬ ሸኘኋት።

ናትናኤል ድኗል። መድኃኒቱን እየወሰደ ነው፤ ወራት ፈጅቶበታል። እናቱም ሲሻለው ተመልሳለች። አሁን እዚያው ሆስፒታል አጥንት ይሠራል፤ መኪናውን ሸጦታል። ይህን ልጽፍ ስነሳ በአባቱ በኩል አስፈቅጄዋለሁ፤ ስሞቹን ሁሉ ቀይሬያለሁ። የላከልኝ መልስ "ጋሼ ይጻፉት፤ በአፋቸው ከተናገሩት የባሰ አይጽፉም" የሚል ነው። ልክ ነው።

ጴጥሮስ ይቅርታዬን ተቀብሎኛል። በእግሩ ሥር ልወድቅ ስል ክንዴን ይዞ አነሳኝ። "እኔም ዝም ማለት አልነበረብኝም" አለኝ። እንግዲህ በዚህም በለጠኝ።

በየወሩ ልጁን ሊጠይቅ ይሄዳል። የሚያርፈው ምሕረት ቤት ነው። እሷ ሠርታ ታበላዋለች፤ ማታ ሦስቱ ተቀምጠው ያወራሉ አሉ። ሲመለስ ማር ወይ ቡና ልካልኝ ያመጣልኛል። "ከስታለች?" እለዋለሁ። "ደህና ናት፣ ትንሽ ሳል ነበረባት" ይለኛል። የልጄን ሳል ከጴጥሮስ እሰማለሁ። ለእኔ በስልክ "ደህና ነኝ አባዬ" ብቻ ነው።

ባለፈው ወር "ለምን አብረን አንሄድም?" አለኝ። ሥራ በዝቶብኛል አልኩት። ሥራ አልነበረኝም። ያ ልጅ ምሳ ላይ ፊት ለፊቴ ሲቀመጥ ዓይኖቼን ወዴት አደርጋቸዋለሁ?

በመኪናውና በብረት በሩ መቅናት ከተውኩ ቆይቷል። አሁን የምቀናው ጴጥሮስ ትኬት ቆርጦ፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ፣ በነፃ ልብ ወደ ልጄ መሄድ በመቻሉ ነው። አውቶቡሱ የሚወጣው በሱቄ ፊት ነው። እጁን ያወዛውዝልኛል። እኔም መፍቻውን እንደያዝኩ አወዛውዝለታለሁ።