የብርድ ቤት በር

ልጅ ሳለሁ ከሰው ይልቅ ከአንድ ማሞቂያ ጋር ነበር ጠቤ። «ላስ ቬጋስ ደግሞ ምን ብርድ አለና?» ብለው የሚስቁብኝ አሉ፤ የበረሃ ማታ በታኅሣሥ ምን እንደሚመስል ያላዩ ናቸው። ቀን በሸሚዝ የዋለ ሰው፣ ፀሐይ ከተራሮቹ ጀርባ ስትገባ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል።

የምንኖረው ሜዲካል ዲስትሪክት የሚባለው ሰፈር አጠገብ በተከራየናት አሮጌ ቤት ነበር። እናቴ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች፣ አባቴ ታክሲ ይነዳል፤ የሁለቱም ሺፍት ማታ ስለነበር እኔንና ታናሽ ወንድሜን አህመድን የሚጠብቁን፣ ያን ዓመት ከደሴ የመጡት የእናቴ አባት፣ አባባ ይማም ነበሩ። ያኔ ፍም የለን፣ ጭስ የለን፤ አባባ መብራቱን ያጠፉና፣ ግድግዳው ላይ ያለችው የማሞቂያው መቆጣጠሪያ፣ ተርሞስታቷ፣ በምትሰጠን ትንሽ አረንጓዴ ብርሃን፣ ፍራሻቸው ላይ ትራሳቸውን ደገፍ ብለው ተረታቸውን ይጀምራሉ።

ተረቱ ሁልጊዜ አንድ ነበር። ልጇ በብርድ የታመመባት አንዲት ሴት፣ ብርድን ራሱን ልትለምነው ቤቱን ፍለጋ ትወጣለች። ጉሙን ትጠይቃለች፣ ወንዙን ትጠይቃለች፣ በመጨረሻ ጋራው ጫፍ ላይ ደርሳ በሩን ታንኳኳለች። ብርድ ከውስጥ «ማነው?» ይላል። ልክ እዚህ ላይ፣ አንዳንዴም ቀደም ብሎ፣ ጣራ ላይ ያለው ማሞቂያ እንደ አሮጌ አውቶቡስ አጓርቶ ይነሳል። አባባ ጆሯቸው ደከም ያለ ነበርና በጫጫታ ላይ አያወሩም። «ነፋስ ሲናገር ሰው ዝም ይላል» ይሉና ዝም። ጸጥ ሲል ደግሞ ከቆሙበት አይቀጥሉም፤ የተቋረጠ ተረት ከሥሩ ነው የሚጀመረው ባይ ናቸው። እንደገና ሴትዮዋ፣ እንደገና ጉሙ፣ እንደገና ወንዙ፣ እንደገና ያ የተረገመ ማሽን! ቁጭ ብድግ እላለሁ፣ ጥፍሬን እበላለሁ። መጋቢት ላይ ወደ ደሴ እንደሚመለሱ አውቃለሁ፤ መጨረሻውን ሳልሰማ ሊሄዱብኝ ነው የሚለው ፍርሃት መቀመጫ ነሳኝ።

ሙቀቱ ከቤት ካልወጣ ማሽኑ ቶሎ ቶሎ አይነሳም፤ ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ የቸኮለ ልጅ ራሱ ይደርስበታል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ፀሐይ የምትገባበትን መስኮት መጋረጃ እከፍታለሁ፣ ልትጠልቅ ስትል እዘጋለሁ፣ በበሩ ሥር ፎጣ ጠቅልዬ እወትፋለሁ። አህመድ በር ከፍቶ ከቆመ አለቀለት። «ክሎዝ አድርገው አንተ! ብርዱን ጋበዝከው እኮ!» እያልኩ እጮህበታለሁ። ማሽኑ ግን ያው ነው።

በኋላ በወላጆቼ የዕረፍት ቀን አከራያችን ጠጋኝ ላከ። ሰውዬው ጣራ ወጥቶ ወረደና የአባባን ትራስ አይቶ ሳቀ። ግድግዳው ሥር ማሽኑ አየር የሚስብበት ሰፊ ወንፊት አለ፤ እናቴ ደግሞ የክብር ቦታ ከበር የራቀው ነው ብላ የአባቷን ፍራሽና ትራስ የደረደረችው እዚያው ላይ ነው። ማሽኑ ለካ ትንፋሽ አጥሮት ነበር ያን ሁሉ የሚለፋው። ጠጋኙ ሲሄድ ወላጆቼ ኩሽና ገብተው ተንሾካሾኩ።

«አንተ ንገራቸው» አለች እናቴ።

«አማች ሆኜ ከተቀመጡበት ይነሱ ልበላቸው?»

«እኔማ ሞቼ ነው ቆሜ!»

ማንም ሳይነግራቸው ሰነበተ። አንድ ምሽት ሴትዮዋ ገና ጉሙ ጋ ስትደርስ ማሽኑ ተነሳ፤ ትዕግስቴም አለቀ።

«አባባ፣ እርስዎ ነዎት ብሎክ ያደረጉት! ትራስዎ አየሩን ያዘው» አልኩ።

ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ዞር ብለው ወንፊቱን ዳበሱና ሳቁ። «ጉሮሮውን አንቄው ነዋ የሚጮኸው! ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግሩኝ?» ብለው ፍራሻቸውን ራሳቸው ጎትተው መስኮት ሥር አደረጉት።

ማሽኑ ጥቂት ሠርቶ አረፈ። ቤቱ ሞቀ፣ ጸጥ አለ፣ አህመድ ሹራቡን አወለቀ። ሴትዮዋ ጉሙን አለፈች፣ ወንዙን ተሻገረች፣ በሩን አንኳኳች። ብርድም «ማነው?» አለ። ትንፋሼን ያዝኩ።

የአባባ ከንፈር ተንቀሳቀሰና ቆመ። «ማነው... አለ» አሉ ደግመው፣ ቀስ ብለው። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ጣራው አነሱ። ማሽኑን እየጠበቁ ነበር። ያኔ ገባኝ፤ መጨረሻው ጠፍቷቸዋል። ምናልባት ከደሴ ሲነሱም አብሯቸው አልነበረም።

«ልጄ፣ አልበረዳችሁም?» አሉኝ።

አህመድ «ኖ፣ አባባ» ብሎ ሲጀምር ቆነጠጥኩት። ተነስቼ ተርሞስታቷን ከፍ አደረግሁ። ማሽኑ አጓርቶ ሲነሳ ትከሻቸው ዘና ሲል በአረንጓዴው ብርሃን አየሁ። «ነፋስ ሲናገር...» አሉ፤ «ሰው ዝም ይላል» ብዬ ጨረስኩላቸው።

መጋቢት ላይ ሄዱ። አሁን እዚያው ላስ ቬጋስ፣ ሎን ማውንቴን አካባቢ የራሴ ቤት አለኝ። ተርሞስታቱ በስልክ ይታዘዛል፣ የማሞቂያውን አየር ማጣሪያ በየጊዜው እቀይራለሁ፣ በበር ሥር የሚገባ ነፋስ የለም፣ ማሞቂያው ሲነሳ እንኳ ድምፁ አይሰማም። ልጄ ማታ ማታ ያን ተረት ትጠይቀኛለች፤ ጉሙን አሳልፌ፣ ወንዙን አሻግሬ በሩ ላይ አደርሳታለሁ። ብርድ «ማነው?» ይላል። ልጄ «እሺ፣ ከዚያስ?» ትለኛለች። ቤቱ ጸጥ ይላል፤ እኔም ሳላስበው ወደ ጣራው ቀና እላለሁ።