የሚስ ሩት ሳሎን

የዘይት ቀለም ሲሸተኝ ዛሬም አንድ ሳሎን ትዝ ይለኛል። ልጅ እያለሁ ካሊፎርኒያ ኦክላንድ ውስጥ፣ ሌክ ሜሪት ከሚሉት ሐይቅ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ ሚስ ሩት የሚባሉ አሮጊት ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ሰፊ በረንዳ ያለው የድሮ የእንጨት ቤት ነው። የሠሩት አባታቸው ናቸው። የሳሎኑ ግድግዳ እስከ ወገቡ ሬድውድ በሚሉት ቀላ ያለ እንጨት ተለብጦ፣ ዝናብ ሲጥል ጫካ ጫካ ይሸት ነበር። መሰሎቹ እየፈረሱ አፓርትመንት ሲሆኑ፣ ሚስ ሩት በዚህ እንጨት የተነሳ የእኛን በቅርስነት ለማስመዝገብ ደጅ ሲጠኑ ከረሙ። በመጨረሻ አይቶ የሚወስን ሰው ሰኞ እንደሚመጣ ተነገራቸው። ካልተመዘገበ የቤቱ ተካፋይ የሆነው ወንድማቸው ለአፍራሽ ሊሸጠው ነው፤ እኛም ሜዳ ላይ መቅረታችን ነው።

ቅዳሜ ደግሞ እህቴን ሐያትን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ሽማግሌ የሚገባበት ቤት ቀለም ሳይቀባ ሊቀር? የዚያኑ ቀን ጠዋት አባቴ ታክሲ ሊነዳ ወጥቶ ሳለ፣ የሰኞውን ነገር ያልሰማው አጎቴ ሰይድ ሊያስደስተን ብሎ ያን የመሰለ እንጨት ከጥግ እስከ ጥግ በነጭ የዘይት ቀለም ለቀለቀው። አባቴ ገብቶ ሲያየው ክው አለ። ብዙም ሳይቆዩ ለሽምግልናው የተጋበዙት ሚስ ሩት ደረሱ።

ጣታቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ፤ ነጭ ሆኖ ተመለሰ። አባቴ እንግሊዝኛው ጠፋበትና "አንቺ ንገሪያቸው" አለኝ። እኔም "ኢትስ ፎር ማይ ሲስተር" ከማለት በቀር ሌላ አልወጣልኝም። ሚስ ሩት ሐያትን አዩዋት፣ ግድግዳውን አዩት፣ ገና አልደረቀም አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ሁላችንም ቀለም በሚያስለቅቀው አኳራጅ በነከርነው ጨርቅ እንጨቱን ስንፈትግ አገኙን። ታላቃቸው ሐጂ ይመር ጉዳዩን ሰምተው ኮታቸውን አወለቁ።

"ሰይድ፣ ጨርቅ አቀብለኝማ። ልጃችሁን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው፤ እየፈተግን እንነጋገራለን።"

ሰኞ ሰውየው እንጨቱን ዳሰሰ፣ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ሚስ ሩት እጄን እስኪያመኝ ጨበጡኝ። ቤቱ ተመዘገበ።

እሳቸው ካረፉ በኋላ ግን የድሮ ቤት ፈላጊው በዛ፣ ኪራዩም አልቀመስ አለ፤ እኛ እዚያው ካሊፎርኒያ ወዳለችው ኒውአርክ ወጣን። አሁን አባቴን ሐኪም ቤት ስወስደው በዚያ ቤት በኩል እንድዞር ይለምነኛል። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "በደንብ ይዘውታል" ይላል፣ ደስ ብሎት። እኔን ግን ይከፋኛል። ባለፈው ቆመን ስናይ አንድ ጎልማሳ በረንዳው ላይ ወጣና ምን ፈልገን እንደሆነ ጠየቀን።

አባቴ ፈገግ ብሎ "ናትንግ፣ ሰር" አለው።